የጣራው መስታወት

«ምን ይታይሻል?»

የአባቷ ድምፅ ከቆርቆሮው በላይ መጣ። ሱዓድ ኮርኒሱ ውስጥ በሆዷ ተኝታለች። ክርኖቿን አግዳሚው እንጨት ላይ አሳርፋለች፤ ከበታቿ ያለው የተወጠረ አቡጀዲ ብቻ ስለሆነ እግሯ ቢያዳልጣት ቀድዳው ታች ስፌት የያዘችው እናቷ ላይ ትወድቃለች።

«ቆይ አባ፣ እያየሁ ነው።»

«አትቸኩዪ፣ ኢንተላ ኮ። ሁለተኛውን ጆግ ላፈስ ነው።»

ኢንተላ ኮ የሚላት፣ ልጄ ማለቱ፣ ደስ ሲለው ወይም ሲጨንቀው ነው። ዛሬ ደስ አላለውም።

ውሃው ጣራው ላይ በተገጠመው መስታወት ላይ ሲወርድ መጀመሪያ ሰማችው፣ ቀጥሎ አየችው። በመስታወቱ ራስ በኩል፣ ሁለቱ የላሜራ ቁራጮች ከሚጋጠሙበት ቦታ አንድ ጠብታ ተንጠለጠለ። ወፈረ። ወደቀ። ግን ወደ ታች፣ ወደ ሱዓድ ፍራሽ አልወረደም። ከሥሩ የተቆለመመ የላሜራ ጠርዝ ተቀበለውና ወደ ቀኝ አንሸራቶ እንጨቱ ላይ ጣለው። ጠብታው እንጨቱን ይዞ እንደ ጉንዳን ሄደ። ቤቱን ለሁለት የሚከፍለውን የቺፕውድ ግድግዳ አናት ተሻገረ። ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው። ጥቂት ቆይቶ ከጨለማው ውስጥ፣ ከጎረቤቶቻቸው ከእነ አቶ ጣሰው ኮርኒስ ላይ፣ ጠብ ሲል ተሰማ።

«እህ? ምን ይታይሻል?» አለ አባቷ ደግሞ።

«ምንም» አለች ሱዓድ።

አባቷ ቲጃኒ ቆርቆሮ መቺ ነው። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች እሱ ያለበሰው ጣራ ብዙ ነው፤ አጋሮ ድረስ ይጠሩታል። የሚያፈስ ጣራ ሲፈትሽ አንድ ሰው ከውስጥ ያስገባል። የውስጡ ሰው በቆርቆሮው ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ባየ ቁጥር ስንደዶ ይሰካባታል። ጣራው ላይ የቆመው ቲጃኒ ስንደዶዋ ብቅ ያለችበትን ቦታ በሬንጅ ይደፍናል። ጣራ ከላይ ታይቶ አይታወቅም ይላል፤ ከላይ ሁሉም ደህና ነው። እሱ ትከሻው ሰፊ ስለሆነ የዚህ ቤት ኮርኒስ አያስገባውም። ሱዓድን ግን ያስገባታል። ዓሥራ አራት ዓመቷ ቢሆንም ቀጭን ናት።

ዝም ብላ መውረድ ፈራች። አንድም ቀዳዳ አላየሁም ብትል አያምናትም። ስለዚህ ወደ ግራ ተሳበችና ከመስታወቱ ርቀው ያሉ ሦስት አሮጌ የሚስማር ቀዳዳዎች ፈለገች። በሦስቱም ስንደዶ ሰደደች።

«አየሁት» አለ አባቷ። «ይህኛውንም አየሁት። ጎበዝ። ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«መስታወቱ ዙሪያ?»

«ደረቅ ነው።»

ከላይ ጆጉ ቆርቆሮው ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ከዚያ፣ «አልሐምዱሊላህ» ሲል ሰማችው። «እንግዲያው ነገ እምላለሁ።»

*

ቤቱ የአያቷ ነበር። ሄርማታ ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው ትንሽ ወረድ ብሎ ያለ፣ ስድስት መስኮት ያለው ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው። የትርፍ ቤት አዋጁ ሲወጣ ሱዓድ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። አያቷ ሌላም ቤት ነበራቸውና ቀበሌው ይኸኛውን ትርፍ ቤት ብሎ ወሰደው። ቆይቶ ለሁለት ከፈለው። ፊት ለፊቱን የቀበሌው ሱቅ ኃላፊ ለሆኑት ለአቶ ጣሰው ሰጠ። ለቲጃኒ ደግሞ ከኋላ ያሉትን ሁለት ክፍሎች አከራየው። ስድስቱም መስኮቶች ከፊት ቀሩ። የመብራቱ ቆጣሪም ከፊት ቀረ፤ አቶ ጣሰው ሽቦውን ከቆረጡት ሦስት ዓመት አልፏል። ከኋላ አንድ በር አለ። በሩ ሲዘጋ ቀትር ላይ እንኳ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አይቻልም።

ላምባ ከቀበሌው ሱቅ ነው የሚታደለው። የእነ ቲጃኒ ተራ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ያልቃል።

«ዛሬም አለቀ?» ትላለች እናቷ ዘይቡ ባዶውን ጠርሙስ እያየች።

«እኛ ጋ ሲደርስ አለቀ» ትላለች ሱዓድ።

ባለፈው ጥር ቲጃኒ ጣራው ላይ መስታወት ለማስገባት ለቀበሌው ካመለከተ ሦስት ወር ሞላው። አዎም እንቢም ያለው ሰው የለም። ከአንድ ከተዘጋ የቡና መጋዘን መስኮት የተነቀለ ወፍራም መስታወት በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ። ቆርቆሮውን በጣራ መቀስ ቆረጠ፤ ዙሪያውን በላሜራ ከፈፈ፤ መስታወቱን አስቀመጠ፤ ጠርዙን በማስቲሽ ዘጋ። ከሥሩ አቡጀዲውን በአራት ማዕዘን ቀደደና ጠርዙን ሰፋው። ሲጨርስ መሬቱ ላይ የብርሃን ምንጣፍ ተነጠፈ። ዘይቡ ስፌቷን ይዛ መሀሉ ላይ ተቀመጠች፤ ቀኑን ሙሉም እየተከተለችው ከቦታ ቦታ ተንቀሳቀሰች። ሱዓድ ፍራሿን ከሥሩ አደረገች። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሰኔ ላይ ነው። ማለዳ ተነሥታ፣ ተጋድማ ታጠናለች።

ከግድግዳው ወዲያ ያሉት የሰሙት የመዶሻውን ድምፅ ነው።

«ደግሞ ምን ሊያፈርሱ ነው?» አሉ ወይዘሮ ወርቂቱ፣ የአቶ ጣሰው ሚስት። ቺፕውዱ ስስ ስለሆነ የወዲያኛው ቤት ንግግር ሁሉ ይሰማል።

«ፀሐይ አማራቸው» አሉ አቶ ጣሰው። «ቆይ፣ ዝናቡ ይምጣ።»

ዝናቡ ሚያዝያ ላይ መጣ። በመጀመሪያው ቀን የሱዓድ ደብተር ላይ አንድ ጠብታ ወደቀ። በሁለተኛው ቀን ፍራሿ ረጠበ።

«ለአባትሽ እንዳትነግሪው» አለች እናቷ። «አሁን ላሜራ ከየት ይገኛል? ከነገርሽው ነቅሎ ያወርደዋል። እሱ የሚያፈስ ሥራ ቤቱ ውስጥ አያኖርም።»

ሱዓድ አልነገረችውም። በሦስተኛው ቀን እናቷ ገበያ ሄዳ ሳለች ወደ ኮርኒሱ ወጣች። የላሜራውን ጠርዝ በሁለት ጣቶቿ ይዛ ወደ ቀኝ ቆለመመችው። ላሜራው ስስ ነው፤ ቀላል ነበር። ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አየች። እንጨቱ ላይ ያለው አቧራ ይመጠዋል ብላ ለራሷ ነገረች። አቧራው እንደማይመጠው ግን ታውቅ ነበር። ከወረደች በኋላ ፍራሿ ደረቀ። እናቷም እንዴት ደረቀ ብላ አልጠየቀችም።

ሳምንት ሳይሞላ ከግድግዳው ወዲያ አልጋ ሲጎተት ተሰማ። ከዚያ በዱላ ግድግዳው ተመታ።

«ቲጃኒ! ውሃህን ውሰድ!»

«የኔ ውሃ አይደለም አቶ ጣሰው» አለ አባቷ ድምፁን ሳያነሣ። «ጣራው አሮጌ ነው። ልምጣና ልይልዎ?»

«ቤቴ አትገባም። የመንግሥት ቤት በስተህ ደግሞ ልይ ትለኛለህ? ሸንጎ እንገናኛለን። ወንድ ከሆንክ ቁርዓንህን ይዘህ ና፤ ከመስታወቱ አይደለም ብለህ ማል!»

ቲጃኒ በሥራው ላይ ወላሂ ብሎ አያውቅም። ደንበኞቹ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አንዴ እንኳ ማልልንና እንመንህ» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ፣ «ዝናብ ሲመጣ ታምኑኛላችሁ» ነው የሚለው።

አሁን ግን ሊምል ነው። ሱዓድ ምንም የለም ስላለችው።

*

የዚያን ዕለት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ቦኖው ጋ ሰልፉ ረጅም ነበር። የአቶ ጣሰው ልጅ ውብነሽ ከሱዓድ ሦስት ሰው ቀድማ ቆማለች። ሁለቱም አንድ ክፍል ናቸው። በክፍል ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገሩት መቼ እንደሆነ ሱዓድ አታስታውስም።

«ሰማችሁ?» አለች ውብነሽ ወደ ኋላ ሳትዞር። «ሰማይ የሸመቱ ሰዎች አሉ እኛ ጋ። ኮከብም ይቆጥራሉ አሉ።»

ሁለት ልጆች ሳቁ።

«ላምባችንን እየሸጡ ከሚኳሉ ይሻላል» አለች ሱዓድ።

«ምን አልሽ?»

«ሰምተሻል።»

ውብነሽ ዞረች። ዓይኖቿ እንቅልፍ ያጡ ይመስላሉ። «ነገ አባትሽ ያገኛታል። ወይ ይምላል፣ ወይ ይታሰራል። አባቴ ወረቀቱን ጨርሶታል። ፋራ ሁላ።»

«አባቴ አይዋሽም።»

«እናያለን።»

ሱዓድ ባልዲዋን ሞልታ እየተጣደፈች ተመለሰች። ውሃው እግሯ ላይ ፈሰሰ። አባቴ አይዋሽም ያለችው እውነት ነው፤ እውነት መሆኑ ነው የከበዳት። እሱ ይሰደባል፣ ይገፋል፣ ላምባ ይከለከላል፤ ግን የሚናገረው ቃል የራሱ ነው። ነገ ከአፉ የሚወጣው ቃል ግን የእሷ ነው።

ቤት ስትደርስ አባቷ ቁርዓኑን ከመደርደሪያ አውርዶ፣ ከነጭ ጨርቁ አውጥቶ፣ አቧራውን በመዳፉ ይጠርግ ነበር።

«ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አላት። «ኮርኒስ ውስጥ የገባሽው አንቺ ነሽ። ከጠየቁሽ ያየሽውን ትነግሪያቸዋለሽ።»

«ካልጠየቁኝስ?»

«ካልጠየቁሽ እኔ እበቃለሁ።» ቁርዓኑን መልሶ ጠቀለለው። «እኔ ያየሁት ላዩን ነው። ውስጡን ያየሽልኝ አንቺ ነሽ። የምምለው በአንቺ ዓይን ነው።»

ዘይቡ ከስፌቷ ቀና ብላ ልጇን አየቻት። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

*

የቀበሌው አዳራሽ ቅዳሜ ማለዳ ሞልቶ ነበር። ሰው የመጣው ለራሱ ጉዳይ ቢሆንም የመስታወቱን ወሬ ሰምቶ የቆየም አለ። ሦስቱ የሸንጎ ዳኞች ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። መሀል ያሉት አቶ ወልደሰማያት ናቸው፤ ድሮ የቡና ሚዛን ተቆጣጣሪ የነበሩ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሽማግሌ።

አቶ ጣሰው ቆመው ኮታቸውን ቆለፉ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ሰው የሰፊውን ሕዝብ ጣራ በስቶ ለራሱ ፀሐይ አስገባ። ለኔ ደግሞ ዝናብ ላከልኝ። ባለቤቴ የቁርጥማት በሽተኛ ናት። አልጋዋን ሦስት ጊዜ አዛወርኩት። ውሃው ይከተላታል።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። አቶ ጣሰው ዞረው እስኪያዩት ድረስ ነው የሳቀው።

«ፈቃድ ነበረህ?» አሉ አቶ ወልደሰማያት ቲጃኒን።

«አመልክቻለሁ፣ ጌታዬ። ሦስት ወር ጠበቅሁ። መልስ አልመጣም።»

«መልስ ካልመጣ አልተፈቀደም ነው» አሉ አቶ ጣሰው።

«እሱን እንመለስበታለን» አሉ ሽማግሌው። «ውሃው ከመስታወቱ ነው?»

«አይደለም ብዬ አምናለሁ። ትናንት ፈትሼዋለሁ። ሦስት አሮጌ ቀዳዳ አግኝቼ ደፍኛለሁ። መስታወቱ ዙሪያ ደረቅ ነው። ልጄም ውስጥ ገብታ አይታለች፤ ይቺውት።»

«የራሱን ልጅ ምስክር ሊያደርግ!» አሉ አቶ ጣሰው። «ከቤቱ ድመት ይዞ አልመጣም?»

አሁን ብዙ ሰው ሳቀ። አቶ ወልደሰማያት ጠረጴዛውን በእርሳስ መቱ። «ልጅቷን አንሰማም። ተቀመጪ፣ የኔ ልጅ።»

ሱዓድ ግድግዳው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ልቧ ሲረጋ ተሰማት። አይጠይቋትም። ከእንግዲህ ማንም አይጠይቃትም። ከአባቷ በቀር ኮርኒሱ ውስጥ መግባት የሚያስብ ሰው የለም፤ አባቷ ደግሞ አይገባም።

«ማስረጃ ከሌለ ይማል» አሉ አቶ ጣሰው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ያሉት። «እነሱ ቁርዓናቸውን ይፈራሉ። ከማለ ክሴን እዚሁ፣ በጉባኤው ፊት አነሣለሁ። ካልማለ ግን መስታወቱ ይነሣ፤ እሱም የመንግሥት ቤት በመብሳት እስር ቤት ይግባ።»

«መሐላ የሸንጎ ሥርዓት አይደለም» አሉ ሽማግሌው። ግራና ቀኝ ያሉትን ዳኞች አዩ። «ሁለታችሁም ከተስማማችሁ ግን አልከለክልም። ቲጃኒ?»

«ውዱእ አድርጌ፣ ታጥቤ ነው የመጣሁት» አለ አባቷ።

ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። ነጩን ጨርቅ ፈታ። ሁልጊዜ ሚስማር እንደሚቆጥር ሰው በዝግታ ነው የሚሠራው። ከውጭ የአህያ ጭነት ሲራገፍ፣ አንድ ሰው በኦሮምኛ ሲነዛነዝ ይሰማል። ውብነሽ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ጥፍሯን ትነክሳለች። ወይዘሮ ወርቂቱ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

ሱዓድ የአባቷን እጅ አየች። ሬንጅ ጥፍሩ ሥር አለ፤ ትናንት ሦስቱን ቀዳዳ የደፈነበት ነው። ያ እጅ ቁርዓኑ ላይ አረፈ። አባቷ አየር ሳበ።

«አባ፣ አትማል።»

ቆማ ነበር። መቼ እንደተነሣች አታውቅም።

አባቷ ወደ እሷ አልዞረም። እጁም ከቁርዓኑ ላይ አልተነሣም፤ አፉ ግን ተዘጋ።

«ውሃው ከመስታወቱ ነው» አለች። «ከላይ በኩል፣ ላሜራው የተቀጠለበት ጋ። እኔ ነኝ ወደ እነሱ ያዞርኩት። ለአባቴ ምንም የለም ያልኩትም እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም።»

«ምን?» አሉ አቶ ጣሰው። ይህን ያልጠበቁ ይመስላሉ።

አቶ ወልደሰማያት መነጽራቸውን አስተካከሉ። «እንዴት ነው ያዞርሽው?»

«የላሜራውን ጠርዝ በእጄ አጠፍኩት።»

«ለምን?»

«እኔ ላይ ስለሚያንጠባጥብ።»

«ወዴት እንደሚሄድ ታውቂ ነበር?»

አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። ጥያቄው እንኳ አላውቅም እንድትል በሩን የከፈተላት ይመስላል። ወይዘሮ ወርቂቱ ያዩዋታል።

«አውቅ ነበር» አለች ሱዓድ።

«ሰማችሁ?» አሉ አቶ ጣሰው ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ሰማችሁ አይደል? ቤተሰቡ ሁሉ ይኸው ነው!»

«አይ ልጅ፣ ይቺማ እባብ ናት» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። ሌላው፣ «የአባቷን ፊት በአደባባይ» አለ። አንድም ሰው ጎሽ አላላትም።

አባቷ ቁርዓኑን ይጠቀልል ጀመር። የጨርቁን አራት ጫፍ አንድ በአንድ አጠፈ።

«አልማለም ብለህ ጻፍ» አሉ አቶ ወልደሰማያት ጸሐፊውን።

«ምን ለውጥ አለው?» አሉ አቶ ጣሰው። «ያው ጥፋተኛ ነው።»

«ለእሱ አለው። ጻፍ።»

ሦስቱ ዳኞች አንገታቸውን አገናኝተው ተንሾካሾኩ። ከዚያ ሽማግሌው ውሳኔውን ተናገሩ፦ መስታወቱ ዛሬ ሳይመሽ ይነሣል፤ ቀዳዳው በቆርቆሮ ይዘጋል፤ ቲጃኒ ሳይፈቀድለት ጣራ በመቁረጡ ሁለት እሑድ ለቀበሌው በነፃ ይሠራል።

«እስርስ?» አሉ አቶ ጣሰው።

አቶ ወልደሰማያት ቀና ብለው ከራሳቸው በላይ ያለውን ቡናማ የውሃ እድፍ አዩ። «ከታሰረ የአዳራሹን ጣራ ማን ይሠራዋል?»

*

አባቷ ከፊቷ ይሄዳል። ሁልጊዜ አብረው ሲሄዱ እርምጃውን ያሳጥርላት ነበር፤ ዛሬ አላሳጠረም። መስጊዱ ጥግ ሲደርስ ቆመ። እስክትደርስበት ጠበቃት እንጂ አላያትም።

«ላሜራው አጥሮኝ ነበር» አለ። «ሁለቱን የቀጠልኩት እኔ ነኝ። አይፈስም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እሱ የኔ ነው።»

«እሺ አባ።»

«ሦስቱ ስንደዶዎችስ?»

«ቀዳዳዎቹ እውነት ነበሩ።»

«እሱ ነው የከፋኝ፤ በእውነት ነው የዋሸሽኝ» አለና መንገዱን ቀጠለ።

ቤት ሲደርሱ ምሳ ሳይበላ መሰላሉን አቆመ። ዘይቡ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል። ባሏን አየችው፣ ልጇን አየቻት።

«ማሎ፣ እባክህ» አለች ቀስ ብላ። «ጥፋቱ የኔም ነው፣ ቲጃኒ። ፍራሹ ሲደርቅ አልጠየቅኋትም።»

«ከማታ በፊት ልጨርስ» አለ እሱ። «ሚስማር አቀብሉኝ።»

ማስቲሹን በቢላዋ ፈለቀቀ። መስታወቱን አነሣ። ለጥቂት ጊዜ ቀዳዳው ባዶውን ቀረና ቤቱ ከወትሮው የበለጠ ብሩህ ሆነ፤ የጥድ ጫፍና የደመና ቁራጭ ታየ። ከዚያ ቆርቆሮው መጣ። የብርሃኑ ምንጣፍ ከአንድ ወገን መታጠፍ ጀመረ። ጠበበ፣ ክር አከለ፣ ጠፋ። መዶሻው መታ። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ማን እንደሆነ አልተለየም።

ዘይቡ ስፌቷን ይዛ ወደ በሩ ሄደች። በሩ ለአንድ ሰው ነው የሚበቃው። ሱዓድ በጨለማው ውስጥ ለትንሽ ጊዜ ቆየች። ለሚኒስትሪ ሦስት ሳምንት ቀርቷል። ደብተሯን በዳበሳ አግኝታ ወጣች። ቤቱን ዞረች። ፊት ለፊት፣ የመንገዱን ወገን የሚያየው በረንዳ ባዶ ነበር፤ ከውብነሽ በቀር። ሱዓድ ይህን በረንዳ ቤቱ ከተከፈለ ወዲህ ረግጣው አታውቅም። ማዶኛው ጫፍ ላይ፣ ከውብነሽ አራት እርምጃ ርቃ ተቀመጠች። ደብተሯን ከፈተች።

«ይህ የኛ ነው» አለች ውብነሽ።

«የቀበሌ ነው።»

«አባቴን ልጥራው?»

«ጥሪው።»

ውብነሽ አልጠራችም። ሁለቱም ገጻቸውን አዩ። ሱዓድ አንድ መስመር አራት ጊዜ አነበበች።

«ሆን ብለሽ ነው አይደል?» አለች ውብነሽ።

«ዛሬ ተናግሬያለሁ። ሰምተሻል።»

«እኔ ስጠይቅሽ ንገሪኝ።»

«አዎ። ሆን ብዬ ነው።»

«ሌሊት ሌሊት የእናቴን ጉልበት ሳሽ ነው የማድረው። እርጥቡ ሲነካት ትጮሃለች። ሰምተሽ ነበር?»

ግድግዳው ስስ ነው። ሱዓድ ሰምታ ነበር። ትራሷን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የተኛችባቸው ሌሊቶች ነበሩ።

«ሰምቼ ነበር» አለች። «ይቅርታ።»

«ለኔ አትበዪኝ።» ውብነሽ ፊቷን ወደ ደብተሯ መለሰች። «እርጥቡ ላይ የተኛችው እሷ ናት። አንቺን ግን ማየት አትፈልግም። አባቴም ውስጥ አለ።»

ሱዓድ ፀሐዩን አየች። ለመጥለቅ ገና ሁለት ሰዓት ያህል ይቀረዋል። እዚህ ብትቀመጥ ሁለት ምዕራፍ ትጨርሳለች፤ ውብነሽም ተነሺ አትላትም ይሆናል። ከበሩ ወዲያ የአቶ ጣሰው ራዲዮ ያወራል፤ ሳልም ይሰማል፣ የሴት ሳል።

ደብተሯን እንደተከፈተ በረንዳው ላይ ተወችው። ተነሥታ በሩ ጋ ሄደች። ራዲዮው እስኪያቆም አልጠበቀችም። ጫማዋን አወለቀችና አንኳኳች።